ጥንታዊት ሕንድ፦ ከተሞቿ፣ ነገሥታቷና የመደብ ሥርዓቷ

በየዓመቱ በፑሪም በሚነበበው በመጽሐፈ አስቴር ሕንድና ኢትዮጵያ የፋርሱ ንጉሥ ግዛት ሁለት ዳርቻዎች ሆነው አብረው ይጠራሉ። አንደኛው ዳርቻ የተወለድንበት አገር ነው፤ ስለ ሁለተኛው ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥንቷን ሕንድ ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። በተለይም ሰውን በትውልዱ የሚመድበው ሥርዓት እንዴት እንደተሠራ እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኢንዱስ ሸለቆ ከተሞች

የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ከተሞች የተነሡት ዛሬ በአብዛኛው በፓኪስታን በሚፈሰው በኢንዱስ ወንዝ አካባቢ ነው። ያበቡትም ከዘመናችን በፊት ከ2600 እስከ 1900 ገደማ ነበር። ከሁሉ የታወቁት ሐራፓና ሞሄንጆዳሮ ናቸው። ቤቶቹ መጠኑ አንድ ዓይነት በሆነ በእሳት በተተኮሰ ጡብ ይሠሩ ነበር። ብዙ ቤቶች መታጠቢያ ነበራቸው፤ ቆሻሻው ውሃም በመንገድ ዳር በተከደነ ቦይ ይወጣ ነበር። ነጋዴዎቹ እስከ ሜሶፖታሚያ ድረስ ይነግዱ ነበር፤ የሚዛናቸው ድንጋይም በየከተማው ተመሳሳይ ነበር። የንጉሥ ቤተ መንግሥት ነው ተብሎ በእርግጥ የሚነገርለት ፍርስራሽ አልተገኘም። ጽሕፈታቸውንም እስከ ዛሬ ማንም አላነበበውም። ዝናብ ሲቀንስና ወንዞች አካሄዳቸውን ሲለውጡ ሕዝቡ ከተሞቹን እየተወ ወደ ገጠር ተበተነ።

ቬዳና አራቱ መደቦች

ከዘመናችን በፊት በ1500 ገደማ የጥንቱን ሳንስክሪት የሚናገሩ ከብት አርቢዎች ከሰሜን ምዕራብ በኩል ገቡ። ቅዱስ መዝሙሮቻቸው ቬዳ ይባላሉ። ካህናቱ ይህን ሁሉ ሳይጽፉ በቃል አጥንተው ለብዙ መቶ ዓመታት ለልጆቻቸው አስተላልፈውታል። ከመዝሙሮቹ አንዱ የሰው ልጅ ከአንድ ታላቅ አካል እንደ ወጣ ይናገራል፦ ብራህሚን የሚባሉት ካህናት ከአፉ፣ ክሻትሪያ የሚባሉት ገዢዎችና ተዋጊዎች ከክንዱ፣ ቫይሽያ የሚባሉት ገበሬዎችና ነጋዴዎች ከጭኑ፣ ሹድራ የሚባሉት አገልጋዮች ደግሞ ከእግሩ።

እነዚህ አራቱ ቫርና ይባላሉ። በኑሮ ግን ሰው የሚታወቀው በጃቲው ነው። ጃቲ በትውልድ የሚገቡበት፣ ብዙ ጊዜም አንድ የሥራ ዓይነት ያለው ወገን ሲሆን፣ ቁጥሩ በሺህ የሚቆጠር ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ ማን ከማን እጅ ውሃ እንደሚቀበል የሚወስነውም እሱ ነው። ከአራቱ ውጭ የቀሩት፣ ቆዳ የሚፍቁት፣ የሚጠርጉትና ሬሳ የሚያነሡት፣ የማይነኩ ተባሉ።

ነገሥታትና መንግሥታት

ከዘመናችን በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ የኢንዱስን ሸለቆ ያዘ። በምሥራቅ፣ በጋንጅስ ወንዝ አካባቢ፣ ቡድሃና የጃይኖች መምህር ማሃቪራ ሰው የሚከብረው በትውልዱ ሳይሆን በምግባሩ ነው ብለው ያስተምሩ ጀመር።

ከዘመናችን በፊት በ321 ገደማ ቻንድራጉፕታ የማውርያን መንግሥት መሠረተ። መናገሻው ዛሬ ፓትና በምትባለው ከተማ ቦታ ላይ ነበር። የልጅ ልጁ አሾካ በ261 ገደማ ካሊንጋን ወጋ። በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው አዋጅ 100,000 ሰው እንደ ተገደለና 150,000 እንደ ተማረከ ገልጾ መጸጸቱን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሰው ሌላውን ሃይማኖት እንዲያከብር የሚያዝዙ አዋጆችን በየአገሩ ቋንቋ አስቀረጸ፤ በዛሬዋ አፍጋኒስታን የተገኙት በግሪክና በአራማይክ የተጻፉ ናቸው።

ቀጥሎ በሰሜን የነገሡት ኩሻኖች ናቸው። ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞቻቸው በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ተገኝተዋል። ይህም የሕንድ ንግድ እስከ አክሱም ምድር ይደርስ እንደ ነበር ያሳያል።

ከ320 እስከ 550 ገደማ የገዙት ጉፕታዎች ዘመናቸው የዕውቀት ዘመን ነበር። አርያብሃታ የተባለው ሊቅ በ499 የምድርን በራሷ ዙሪያ መዞር ጻፈ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አኃዞችና ዜሮም ከሕንድ የመጡ ናቸው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሕንድን የጎበኘው ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺየን ሌላም ነገር ጽፏል። የማይነኩት ከከተማ ውጭ ይኖሩ ነበር፤ ወደ ገበያ ሲገቡም ሰው እንዲሸሻቸው እንጨት ያንኳኩ ነበር። ዕውቀቱ ሲያድግ መደቡ አልላላም።

አይሁድ በመደቡ አገር

መደቡ በአገሩ የኖሩትን አይሁድም ነክቷል። በምዕራብ ጠረፍ የነበሩት ቤኔ እስራኤል ዘይት ጨማቂዎች ሲሆኑ፣ በሰንበት ስለማይሠሩ ጎረቤቶቻቸው የቅዳሜ ዘይት ጨማቂዎች ይሏቸው ነበር። በመካከላቸው ግን «ነጭ» እና «ጥቁር» ተባብለው አይጋቡም ነበር። በኮቺን ከተማም ነጻ የወጡ ባሪያዎች ዘሮች በፓራዴሲ ምኵራብ ከሌላው እኩል አይቆጠሩም ነበር። ከእነሱ ወገን የሆነው ጠበቃ አብርሃም ባራክ ሳሌም ይህን በሰላማዊ ተቃውሞ ታግሏል።

ቤኔ እስራኤል ወደ እስራኤል ከመጡ በኋላ ደግሞ በ1962 የራቢዎች መሥሪያ ቤት ከጋብቻ በፊት የዘር ሐረጋቸው እንዲመረመር አዘዘ። ትእዛዙ የተለወጠው በ1964 ከሰልፍና ከክኔሴት ክርክር በኋላ ነው።

ሕግ ወጣ፣ ልማዱስ?

በሕንድ መደቡን በሕግ ለመሻር ከታገሉት ዋነኛው ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር (1891–1956) ነበሩ። የማይነኩ ከሚባሉት ተወልደው፣ በልጅነታቸው የትምህርት ቤቱን የውሃ ዕቃ መንካት ተከልክለው ያደጉ ሰው ናቸው። የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መሩ፤ በ1950 የጸናው ሕግም የማይነኩ ብሎ መለየትን ሻረ። ሆኖም አብዛኛው ጋብቻ ዛሬም በየጃቲው ውስጥ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወላጆቻችን በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ስለኖሩ ቡዳ ይባሉ ነበር። የተናቅነው በሥራችንና በትውልዳችን ነበር። ያም ሆኖ በመካከላችን «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚለው አነጋገር አልጠፋም፤ ሽማግሌ ሊላክ ሲል «ዘሩ ምንድን ነው?» ተብሎ በጆሮ ይጠየቃል። ሰባት ትውልድ የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ሰውን ዝቅ ለማድረግ መቁጠር ግን ሌላ ነው። የሕንድ ታሪክ የሚያስተምረን ነገሥታት መጥተው ሲሄዱ መደብ የሚቆየው በማዕድና በጋብቻ በር ላይ መሆኑን ነው። ያንን በር ደግሞ የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው እያንዳንዱ ቤተሰብ ነው።