ከጎንቾ የወጡት ወንድሞች

ስለ ወንድማማቾች የተሠሩ ፊልሞች ሲነሡ በወጣቶች ዘንድ ቀድሞ የሚጠራው «የግብፅ ልዑል» ነው። በ1998 የወጣው ይህ የካርቱን ፊልም ሙሴንና ራምሴስን በአንድ ቤተ መንግሥት ያደጉ፣ በሠረገላ የሚሽቀዳደሙ ወንድማማቾች አድርጎ ያሳየናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦሪት ዘጸአት ግን የፈርዖንን ስም እንኳ አይነግረንም፤ ከሙሴ ጋር አብሮ አደግ ስለ መሆኑም ምንም አይልም። እውነተኛው ወንድሙ አሮን በፊልሙ ውስጥ ዳር ቆሞ ቀርቷል። ፊልም ሠሪዎቹ አንድን ሕዝብ ነጻ የማውጣቱን ታሪክ ወደ ሁለት ወንድማማቾች ቁርሾ አጠበቡት፤ ስናየው እንባ የሚመጣንም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ያው ድሪምወርክስ የተባለ ኩባንያ በ2000 የዮሴፍን ታሪክ አወጣ። እሱም ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው፣ ሽማግሌው ያዕቆብ ልጁን አይቶ ያበቃል። ደስ የሚል ማብቂያ ነው። ዘፍጥረት ግን እዚያ አያቆምም። በምዕራፍ 50 አባታቸው ከሞተ በኋላ ወንድሞቹ እንደ ገና ፈሩ፤ ዮሴፍ አሁን ይበቀለናል ብለው ሰው ላኩበት፣ እሱም ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ምዕራፍ 33ም እንዲሁ ነው። ዔሳው ሮጦ ያዕቆብን አንገቱን አቅፎ ይስመዋል፤ ጥቂት ቁጥሮች ወርደን ስናነብ ግን ያዕቆብ «ወደ ሴይር እመጣለሁ» ባለበት አፉ ወደ ሱኮት ሲያቀና እናገኘዋለን። ከመተቃቀፉ በኋላ ያለው ጊዜ ለፊልም አይመችም፤ ረጅም ነው፣ ሙዚቃም የለውም።

የእኛም አካባቢ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው።

ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ይፋት ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያገኘዋል። ዛሬ መኪናው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድበት ይህ ገደል ወደ ደቡብም ቀጥሎ አንኮበርን ይዟል። ከአንኮበር በታች፣ በይፋት በኩል፣ ጎንቾ የሚባል አምባ ነበር። የሸዋ ገዢዎች የመንግሥት እስር ቤት እሱ ነበር፤ ከታሰሩበትም መካከል የገዢው የራሱ ወንድሞች ይገኙበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1813 ገደማ የሸዋው ገዢ ራስ ወሰን ሰገድ ተገደለ። ወራሽ ይሆናል የተባለው ታላቁ ልጅ በኩሬ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ መርሐቤቴ ነበር። መርዶውን ሰምቶ ቢነሣም መንገድ ላይ ዐመፀኞች አዘገዩት። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ግን ቅርብ ነበር፤ ሰላ ድንጋይ ባለው ገዳም ይኖር ነበርና ፈጥኖ ደርሶ የአባቱን ሥልጣን ያዘ። በኩሬ ሲደርስ ወንበሩ ተይዟል። እሱም ሌሎቹ ወንድሞችም ወደ ጎንቾ ተላኩ። የታሰሩት ሁሉ ጦር የመዘዙ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። ጥፋታቸው ከአንድ አባት መወለዳቸው ብቻ ነው።

የጎንቾ ጠባቂ ወላስማ መሐመድ ነበር፤ የይፋት ቆላና የጠረፉ በር በእጁ የነበረ ሙስሊም ባላባት። በ1839 የወንጌል መልእክተኛው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ ኋላ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እርማት የደከመው ማለቴ ነው፣ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ አንኮበር ሲወጣ ያለፈው በዚሁ ሰው ግዛት ነው። «ወላስማ» የግል ስም አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የይፋትን ሱልጣኖች ያወጣው ቤት መጠሪያ ነው፤ መሐመድም የዚያ ቤት ወራሽ ነኝ ይል ነበር።

ያ ቤት ደግሞ ወንድም በወንድም ሲተካ አይቷል። በ1332 ሱልጣን ሰብረዲን በንጉሥ ዓምደ ጽዮን ላይ ተነሣ፤ ተሸነፈና ታሰረ። ንጉሡ በቦታው የሾመው ከሩቅ የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ነው። ብዙ ሳይቆይ ጀማለዲንም በንጉሡ ላይ አሤረ። የዓምደ ጽዮንን ዜና መዋዕል ሳነብ ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። ወንድሙ በሰንሰለት ላይ ሳለ በወንድሙ አልጋ የተቀመጠ ሰው ምን እያሰበ ያድር ነበር? ዜና መዋዕሉ ለንጉሡ የተጻፈ ነውና ይህን አይነግረንም። ከ500 ዓመት በኋላ ያው የወላስማ ቤት ስም ያለው ሰው፣ በተራው የክርስቲያኑን ንጉሥ ወንድሞች ቁልፍ ይዞ በአምባ ላይ ተቀምጧል።

በ1841 ሻለቃ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ሸዋ መጣ፣ የንግድ ውልም ተፈራረመ፤ እስከ 1843 መጀመሪያ ቆየ። የእስረኞቹን መፈታት የተረከልን እሱ ነው። ሣህለ ሥላሴ ወንድሞቹን አስጠራ። ሰንሰለታቸው ከብዙ ዓመት ፍትጊያ የተነሣ ነጥቶ ያብረቀርቅ ነበር። አንዱ በሌላው ትከሻ ተደግፎ፣ አጫጭር እርምጃ እየተራመዱ መጥተው በግንባራቸው ተደፉ። ብርሃን ያልለመደ ዓይናቸው አንዴ ንጉሡን፣ አንዴ ነጮቹን አየ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ሃሪስን የገረመው ደስታ አለማየቱ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የታሰሩ ሰዎች ናቸውና መፈታት ምን እንደ ሆነ አያውቁም። የንጉሡን ድምፅ እንኳ ከዚያ ቀን በፊት ሰምተው አያውቁም ነበር።

ይህችን መጨረሻዋን ነገር ደግማችሁ አንብቧት። የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሠላሳ ዓመት ሲነግሥ ሌሎቹ ከታች በቆላው ታስረዋል፤ ድምፁን ግን አያውቁትም።

ሃሪስን እንዳለ መቀበል አይገባም። መጽሐፉ በጌጥ ቃል የተሞላ ነው፤ ለዚህ ምሕረት ምክንያቱ እኔ ነኝ ለማለትም ይቸኩላል። ንጉሡም በእሱ ትረካ መሠረት፣ ያያችሁትን ለንግሥታችሁ ጻፉ ብሏል። እንግዲህ ይቅርታው ተመልካች ነበረው። ጤናው ታውኮ የነበረ ንጉሥ ነፍሱን ፈርቶ ነው? መድፍና ጠብመንጃ ያመጡለትን ባዕዳን ደስ ለማሰኘት ነው? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም፤ እውነተኛ ርኅራኄም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የሰው ልብ አንድ ምክንያት ብቻ ይዞ አይሠራም። ሰንሰለቱ ግን በእርግጥ ተቆርጧል፤ ለታሰረ ሰው ደግሞ የፈቺው ምክንያት ሁለተኛ ነገር ነው።

ፊልም ሠሪ ብሆን የምጀምረው ከማግስቱ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፉ ነቅቶ እግሩ የቀለለው ሰው የት ይሄዳል? በማን ቤት ይበላል? ወንድሙን «ጃንሆይ» ይለዋል ወይስ በስሙ ይጠራዋል?

ጎንቾን የሚደግፍ ክርክርም አለ፤ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ሣህለ ሥላሴ እስከ 1847 ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ገዛ፤ በሰሜን መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲተላለቁ ሸዋ በአንጻሩ ጸንታ ኖረች። ቀጥሎ የመጣውን ተመልከቱ ይላል ተከራካሪው። በ1855 ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወር የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታሞ ሞተ። ቴዎድሮስ ሸዋን ያስረከበው ለሟቹ ወንድም ለኃይለ ሚካኤል ነው። ሌላው ወንድማቸው ሰይፉ ሸፈተና በሽፍትነቱ ሞተ። የሰይፉ ልጅ መሸሻም ኋላ በአጎቱ ልጅ በምኒልክ ላይ ተነሣ። ወንድሞች ካልታሰሩ ይኸው ይዋጋሉ፣ ነው ነገሩ።

እኔ ግን እዚህ ላይ የዓምደ ጽዮን እጅ ይታየኛል። ኃይለ ሚካኤልና ሰይፉ በገዛ ቤታቸው ጉዳይ አይደለም የተለያዩት። ከላይ የመጣ ኃይል አንዱን ሾመና ሌላው ወይ እንዲገዛ ወይ እንዲሸፍት አደረገው፤ በሰብረዲንና በጀማለዲን ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ሸዋ ሮቢት ሲቃጠሉ ያየን የዚህ አገር ልጆች፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ ማን ምን እንዳተረፈ መጠየቅ ሩቅ ታሪክ አይሆንብንም።

ደግሞም አንድ ልጅ ከተከራካሪው ቆጠራ ወጥቷል። ዳርጌ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የኃይለ መለኮት ወንድም ነው። ቴዎድሮስ ብላቴናውን ምኒልክን ወደ መቅደላ ሲወስድ ዳርጌም አብሮ ተወሰደ። በ1865 ምኒልክ ከአምባው ሲያመልጥ አጎቱ እዚያው ቀረ፤ የወጣው ቴዎድሮስ ከሞተ በኋላ በ1868 ነው። ሸዋ ሲገባ የወንድሙ ልጅ ነግሦ ጠበቀው። የንጉሥ ልጅ ነው፣ በዕድሜም ይበልጣል፣ የእስር ቂም ቢይዝም ማንም አይፈርድበትም። አልጋውን አልጠየቀም። ምኒልክ ራስ ብሎ ሾመው፣ ምክሩንም ይሰማ ነበር፤ ዳርጌ በ1900 እስኪሞት ድረስም አልተለያዩም።