የድሬዳዋ እግር ኳስ፤ የትናንቱ ዋንጫና የዛሬው ደጋፊ

የድሬዳዋ ከተማ ታሪክ ከምድር ባቡር ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም፤ የእግር ኳሷም ታሪክ እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተቻለ ከግርጌው ቆመ። በቆመበትም ሜዳ ላይ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለች፣ ኋላም ድሬዳዋ የተባለች ከተማ በቀለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ14 ዓመት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከተማችን ለብዙ ጊዜ የነጋዴና የሠራተኛ መሰብሰቢያ ሆና ኖረች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪውና አማራው ከፈረንሳዩ፣ ከግሪኩ፣ ከአርመኑ፣ ከዐረቡና ከሕንዱ ጋር ጎረቤት ሆኖ የኖረባት ከተማ ናት። በደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ በደቻቱ ወዲያ መጋላ እየተባለ ሰፈሩ ቢከፈልም አሸዋው የሁሉም ነበር። ደቻቱ ዝናም ካልመጣ በቀር ውኃ የሌለው ወንዝ ስለ ሆነ ለልጆች ከዚህ የተሻለ የኳስ ሜዳ ከየት ይገኛል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የዛሬ ወጣት «ክለብ» ሲባል ወደ አሳቡ የሚመጣው ተጫዋች የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት ነው። በዚያን ዘመን ግን ክለብ ማለት በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ወይም የፋብሪካ ቡድን ማለት ነበር። ተጫዋቹ ከሠራተኛው ጋር ተቆጥሮ ደመወዙን ከፋብሪካው ይቀበላል፤ ፋብሪካውም መለያውንና ጫማውን ይችላል፣ ለልምምድ ጊዜ ይፈቅዳል። ተመልካቹም ቢሆን እሑድ በሜዳ የሚያጨበጭብለትን ሰው ሰኞ በፋብሪካው በር ወይም በሻይ ቤት ያገኘዋል። ድሬዳዋ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ነበረች። የምድር ባቡሩ መጠገኛ፣ የጥጥ ፋብሪካውና በአገራችን የመጀመሪያው የሆነው የሲሚንቶ ፋብሪካ በአንድ ከተማ መገኘታቸው ለእግር ኳስ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከዚህ በታች ይታያል።

የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጦር ሠራዊት ቡድን ብዙ ጊዜ ድል አደረገ፤ በ1942 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀመሰው። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ሐማሴን ዋንጫውን ወደ ሰሜን ወሰደው፤ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስም፣ አንዱ ዓመት ሲቀር፣ ከአሥመራና ከአካባቢው ቡድኖች እጅ አልወጣም። እንግዲህ የድሬዳዋ ሰው እስከዚህ ድረስ የሌላውን ደስታ በሬዲዮና በጋዜጣ የሚከታተል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ1952 ዓ.ም. የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1954 ዓ.ም. ደገመው፤ በ1955 ዓ.ም. ሠለሰው። በ1956 ዓ.ም. ጥጥ ፋብሪካ ዋንጫውን ቢለቅ እንኳ ከከተማ አልወጣም፤ የወሰደው የዚሁ አገር ልጅ ኢትዮ ሲሚንት ነውና። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ጥጥ ፋብሪካ መልሶ አገኘው። በስድስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ዋንጫው በባቡር ተጭኖ ቁልቁል ወደ ቆላ ወረደ ብንል ማጋነን አይሆንም። ዋና ከተማ ያልሆነች፣ ቤተ መንግሥትም ሆነ የጦር ዋና መምሪያ የሌላት አንዲት የንግድ ከተማ ከአዲስ አበባና ከአሥመራ ተፎካክራ ይህን ማድረጓ፣ በእኔ አስተያየት፣ በአገራችን የስፖርት ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የተነገረለት ነገር ነው።

የዚህ ቡድን መሪ ተጫዋች ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቺያኖ የተወለደው አሥመራ ሲሆን አባቱ ኢጣልያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ኳስ የጀመረው በአሥመራ ነው፤ ስሙ የገነነው ግን ለጥጥ ፋብሪካ ሲጫወት ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የኢትዮጵያን ቡድን አለቃ ሆኖ የመራው እሱ ነበር፤ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ከተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ከግብፅ ጋር፣ 2 ለ 2 ሆነው ሰዓቱ አለቀ። በተጨመረው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። አገራችን እስከ ዛሬ ያገኘችው የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ከድሬዳዋ ፋብሪካ የመጣ ተጫዋች መሆኑን የሚያውቅ የከተማችን ወጣት ስንት ይሆን?

ከሁሉ ይልቅ የተረሳው ግን የአክራ ጉዞ ነው። የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮን የሆኑ ክለቦች የሚገናኙበት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ በመጨረሻ አራት ክለቦች ቀሩ፤ እነርሱም ከካሜሩን ኦሪክስ ዱዋላ፣ ከጋና ሪል ሪፐብሊካንስ፣ ከማሊ ስታድ ማልየን፣ ከኢትዮጵያም የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ነበሩ። አራቱም በ1957 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ ተገናኙ። ጥጥ ፋብሪካ በስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ከፍጻሜው ቀረ፤ ዋንጫውን ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። ሽንፈት ነው፤ ዳሩ ግን ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች የሚከታተለው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የተወለደው በዚያ ውድድር ነው። በልደቱም ቀን ከአራቱ ክርስትና አባቶች አንዱ ቆላ ውስጥ ጥጥ የሚፈትል ፋብሪካ ነበር። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ብዙዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። የአርሴናልንና የማንቸስተርን ተቀያሪዎች ሳይቀር በስም የሚጠሩ፣ ቡድናቸውም ሲሸነፍ ራት የማይበሉ ልጆች ናቸው። በእነርሱ አልፈርድም፤ የሚታየውን ነው የሚወዱት። የእኛው ግን ሳይታያቸው ነው ያደጉት።

ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈና የድሬዳዋ ዘመን ተቋረጠ። ከተማይቱ ግን ከኳስ አልራቀችም። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታዘጋጅ አንደኛው ምድብ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በድሬዳዋ ስታዲየም ተጫወተ። ወደ እኛ የመጡት ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ። ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳ በዓለም ዋንጫም የተሰለፈች አገር ናት፤ እንዲህም ሆኖ በድሬዳዋ ሜዳ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከምድቡ መጨረሻ ሆና ወጣች። ከዚሁ ምድብ ያለፈችው ሞሮኮ በአዲስ አበባ ዋንጫውን ወሰደች። የድሬዳዋ ሰው በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ተቀምጦ የአህጉሩን ታላላቅ ቡድኖች በዐይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው። የዛሬ ሽማግሎች ከወጣት ጋር ሲከራከሩ «እናንተ ኳስ መቼ አያችሁ!» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ግን ጦርነት መጣ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደርሶ በከተማይቱ ዙሪያ ብርቱ ውጊያ ተደረገ፤ አጥቂውም ተመለሰ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1975 ዓ.ም. ጥጥ ፋብሪካ እንደገና የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም የድሬዳዋ ቡድን የአገሪቱን ሻምፒዮና አላገኘም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ገንዘብ» ብሎ ያልፈዋል። ገንዘብ መጉደሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነገሩ ከዚያ ይጠልቃል ብዬ አምናለሁ። ቡድኑ የቆመው በፋብሪካው ትከሻ ላይ ነበር። ፋብሪካው ሲዳከም ቡድኑም ደከመ፤ ምክንያቱም ክለቡ ከፋብሪካው ሌላ የራሱ ሀብት አልነበረውም። የቀድሞው ባቡርም አርጅቶ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለ ሆነ የድሮውን የለገሃሬን ግርግር አልመለሰውም። ሠራተኛው፣ ደጋፊውና ተጫዋቹ አንድ ሰፈር የሚኖሩበት ያ ኑሮ ፈረሰ። በእሱ ቦታ የመጣው በከተማ አስተዳደር ገንዘብ የሚተዳደር ቡድን ነው። ይህ ዓይነቱ ቡድን መልካም ጎን አለው፤ የከተማውን ስም ይዞ ይጫወታልና ከአንድ ፋብሪካ ይልቅ የሁሉም ይሆናል። ጉዳቱ ደግሞ ተጫዋች ለአንድ ዓመት ተዋውሎ መጥቶ፣ ደጋፊው ስሙን በወጉ ሳይለምድ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ መለያ መታየቱ ነው።

የድሬዳዋ ከተማ ቡድን በ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ደስታው ትልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ደጋፊው የተማረው ትምህርት ቢኖር የሒሳብ ትምህርት ነው፤ ስንት ነጥብ ቀረን፣ ከበታቻችን ያለው ቡድን ቢሸነፍ እኛስ አቻ ብንወጣ እንተርፋለን ወይ እያሉ መደመርና መቀነስ። ዋንጫ ለማግኘት ሳይሆን ላለመውረድ መጸለይ የሰውን ወኔ እንዴት እንደሚሰልብ የሚያውቀው የቀመሰው ብቻ ነው። እሑድ ማታ ከተሸነፍን ከዚራ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ሰው «ሁለተኛ አላይም» ብሎ ይምላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሁሉ ቀድሞ መለያ ለብሶ የሚገኘው ግን ራሱ ነው።

ሌላም ብስጭት አለ። ኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ የፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖች ሁሉ በአንድነት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ መጫወት ጀመሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ጨዋታውም በቴሌቪዥን ለውጭ አገር ሳይቀር መታየቱ ትልቅ እርምጃ ነው። በሽታው ካለፈ በኋላ ግን ይህ አሠራር ለዓመታት ቀጠለ። ስለዚህ የከተማው ቡድን የዓመቱን ትልቅ ክፍል ከከተማው ርቆ ያሳልፋል። ተራው ወደ ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ቡድኖች እዚህ ይከርማሉ፤ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ባጃጅ ነጂውም ይጠቀማል። ይህን አልንቅም። ነገር ግን እንግዳ ተጋጣሚን በገዛ ሜዳ፣ በገዛ ሙቀት፣ በገዛ ጩኸት መቀበል የነበረው ጥቅም ቀረ። የድሬዳዋ ሙቀት ድሮ ለጥጥ ፋብሪካ አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች እንደ ነበረ ከደጋ የመጣ ቡድን ሁሉ ይመሰክራል።

ተስፋ የለም ማለት ግን አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ከተሞች ዋንጫ ማንሣት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም.፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም.፣ መቀሌ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም.፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነዋል። እነዚህ ከተሞች ከእኛ በላይ የኳስ ታሪክ ኖሯቸው አይደለም። የጎንደር ሰው በፋሲል ጊዜ እንዴት እንደ ተሰለፈ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል፤ እኔ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝም ቀንቼም ነበር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በአንድ ጊዜ ወጪ ዋንጫ ይዘው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲቸገሩ ታይተዋል። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ባነሣ በአራተኛው ዓመት ከሊጉ ወረደ። ስለዚህ እኔ የምመኘው የአንድ ዓመት ርችት አይደለም።

የምመኘው ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመጋላና ከከዚራ ልጆች መካከል በየዓመቱ ሁለት ሦስቱ እንኳ ወደ ዋናው ቡድን የሚያልፉበትን መንገድ ነው። ለዚህም የትምህርት ቤቶች ውድድር ከሁሉ የቀረበ ነው። ሜዳው አለ፤ ልጁ አለ፤ አስተማሪውም አለ። የጎደለው የከተማው ቡድን አሠልጣኝ በትምህርት ቤት ጨዋታ ቀን መጥቶ ከጥግ ተቀምጦ ማየቱ ነው። ለሌላ ከተማ ተጫዋች ከሚከፈለው የአንድ ወር ደመወዝ የአንዱ ብቻ ለታዳጊዎች ኳስና ጫማ ቢውል ምን ያህል እንደሚገዛ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1970 ዓ.ም. ከአገር ወጥቶ በኢጣልያ ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር በዚያው ዐረፈ። የዚያን ዘመን ሰዎች እያለቁ ነው። በከተማችን ግን የጥጥ ፋብሪካና የኢትዮ ሲሚንት የቀድሞ ሠራተኞች፣ ስታዲየም አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩ ሰዎችም ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። በቤቱ የቡድኖቹ ፎቶግራፍ፣ የጨዋታ ቲኬት ወይም የቆየ ጋዜጣ ያለው ወላጅ ወይም አያት ቢኖር ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በልጁ እጅ ቢልክልን፣ ቅጂ ወስደን ዋናውን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንመልሳለን። በፎቶግራፉ ጀርባ የተጫዋቾቹ ስም ከግራ ወደ ቀኝ ቢጻፍበት ደግሞ እጅግ እናመሰግናለን።