በኤን ኤፍ ኤል ድራፍት የመጫወቻ ቦታ ምርጫ

በኤን ኤፍ ኤል ድራፍት የመጫወቻ ቦታ ምርጫ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ሲመርጡ የትኛውን የመጫወቻ ቦታ ማስቀደም እንዳለባቸው የሚወስኑበት ሂደት ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ በኢትዮጵያ «እግር ኳስ» ሲባል ከሚታወቀው ጨዋታ የተለየ ሲሆን በሞላላ ኳስ፣ በአብዛኛውም በእጅ ይጫወቱታል። ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ሜዳ ይገባሉ፤ ነገር ግን የሚያጠቁትና የሚከላከሉት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ አንድ ቡድን 22 ቋሚ ተሰላፊ ያስፈልገዋል። ኳስ በእግር የሚመቱት ልዩ ተጫዋቾች ከዚህ ውጭ ናቸው። ድራፍቱ 7 ዙር ብቻ ስላለው ሁሉንም ክፍተት በአንድ ዓመት መሙላት አይቻልም። በመጀመሪያው ዙር የተፈጸመ ስህተትም ቡድኑን ለብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ሊጎትተው፣ አሰልጣኙንና ሥራ አስኪያጁንም ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድራፍቱ አሠራር

በአውሮፓ እግር ኳስ አንድ ክለብ ወጣት ተጫዋችን በራሱ አካዳሚ ያሳድጋል፣ ወይም ከሌላ ክለብ በገንዘብ ይገዛል። በኤን ኤፍ ኤል እንዲህ ያለ ገበያ የለም። ተጫዋቾች የሚያድጉት በኮሌጆች ነው፤ ወደ ሊጉ የሚገቡትም ቡድኖቹ በተራ በሚያደርጉት ምርጫ ነው። ሐሳቡን በ1935 ያቀረበው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነበር። በዚያን ጊዜ ጥሩ ተጫዋቾች ወደ ሀብታምና ዝነኛ ቡድኖች ስለሚሄዱ ደካሞቹ እንደ ደከሙ ይቀሩ ነበር። የመጀመሪያው ድራፍት በየካቲት 1936 በፊላደልፊያ ተካሄደ። በዚያ ቀን በአንደኛ ተራ የተመረጠው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር በኤን ኤፍ ኤል አንድም ጨዋታ አላደረገም።

ዛሬ 32 ቡድኖች በድራፍቱ ይሳተፋሉ። ባለፈው የውድድር ዘመን ዝቅተኛ ውጤት ያስመዘገበው ቡድን አንደኛ ሲመርጥ የሱፐር ቦውል አሸናፊው የዙሩ መጨረሻ ይሆናል። ቡድኖች ተራቸውን እርስ በርስ መለዋወጥ ይችላሉ። የተመረጠው ተጫዋች ግን ከመረጠው ቡድን በስተቀር ከሌላ ጋር መደራደር አይችልም።

የቦታዎች ዋጋ

በቦታዎች መካከል ትልቁን ልዩነት የፈጠረው የደመወዝ ሥርዓቱ ነው። ከ1994 ጀምሮ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ማንኛውም ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ የተወሰነ ነው። እስከ 2010 ድረስ ግን በመጀመሪያዎቹ ተራዎች የሚመረጡ አዲስ ተጫዋቾች እጅግ ከፍተኛ ውል ይጠይቁ ነበር። በዚያ ዓመት በአንደኛ ተራ የተመረጠው ኳርተርባክ ሳም ብራድፎርድ የ50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ፈረመ። በ2011 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በደረሱበት ስምምነት የአዲስ ተጫዋች ክፍያ በተመረጠበት ተራ ቁጥር እንዲተመን ተደረገ። ውጤቱም ወዲያው ታየ፤ በ2011 አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን ያገኘው ውል ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ መዘዝ ክፍያው ስለ መጫወቻ ቦታ አለመጠየቁ ነው። በአንድ ተራ ላይ የሚመረጥ ሰው ኳርተርባክም ይሁን ተከላካይ ደመወዙ ያው ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በገበያ የሚያገኙት ክፍያ ግን እንደየቦታው በጣም ይለያያል። በ2024 አንደኛ የተመረጠው ኳርተርባክ ኬሌብ ዊሊያምስ ለአራት ዓመት 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈራረመ፤ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በታች ማለት ነው። በዚያው ዓመት የዳላስ ካውቦይስ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ፈረመ። እንግዲህ ጥሩ ኳርተርባክ በድራፍት ያገኘ ቡድን በዓመት እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ይተርፈዋል፤ በዚያም ገንዘብ ሌሎች ክፍተቶቹን ይሞላል። ሲያትል ሲሆክስ በ2012 በሦስተኛው ዙር፣ በ75ኛ ተራ፣ ራስል ዊልሰንን መርጦ በሁለተኛው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውልን ያሸነፈው ኳርተርባኩ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች እየተከፈለው ነበር።

ኳርተርባክ የማጥቃቱ መሪ ነው፤ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ማለት ይቻላል ኳሱ በእጁ ያልፋል። ለዚህም ነው ከ2001 እስከ 2025 ባሉት 25 ድራፍቶች በአንደኛ ተራ ከተመረጡት 19ኙ ኳርተርባኮች የሆኑት። የቀሩት ስድስቱም ቢሆኑ ከዚሁ ቦታ ብዙ አይርቁም። አራቱ ከመስመሩ ጠርዝ ተነስተው ኳርተርባኩን የሚያሳድዱ ተከላካዮች ሲሆኑ ሁለቱ ደግሞ እርሱን ከእነዚህ አሳዳጆች የሚጠብቁ ታክሎች ናቸው። በተለይ የግራ ታክል ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዞር ጀርባውን የሚሰጠው በግራ በኩል ስለሆነ ከዚያ የሚመጣውን አያይም። በ1985 የኒው ዮርክ ጃያንትሱ ላውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ሲጥለው እግሩ ተሰብሮ ጨዋታ ማቆሙ የዚህ አደጋ ዋና ምሳሌ ሆኖ ይነሳል።

ሯጮች

ከሁሉ ይልቅ ዋጋው የወደቀው ራኒንግ ባክ የሚባለው፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች ነው። በ1989 ዲትሮይት ላየንስ በሦስተኛ ተራ የመረጠው ባሪ ሳንደርስ የታወቀው በዚህ ቦታ ነበር፤ ይህ ዓይነት ምርጫ በዚያን ጊዜ ማንንም አያስደንቅም ነበር። በ2013፣ በ2014 እና በ2022 ግን በመጀመሪያው ዙር አንድም ሯጭ አልተመረጠም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥሩ ሯጭ በኋለኞቹ ዙሮችም ይገኛል፤ የሚሮጠው ርቀትም ከፊቱ መንገድ በሚከፍቱለት ተጫዋቾች ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ምክንያት ለተጫዋቹ ከባድ ነው። ሯጭ በየጨዋታው ደጋግሞ ስለሚመታ ሰውነቱ ቶሎ ያልቃል። ምርጥ ዓመታቱን በአዲስ ተጫዋች ውል በዝቅተኛ ክፍያ ይጫወታል፤ ውሉ አልቆ ትልቅ ገንዘብ ሊጠይቅ ሲቀርብ ቡድኑ «ደክሟል» ብሎ ሌላ ወጣት ይመርጣል። ከሁሉም ቦታዎች ይልቅ በድራፍት ሥርዓቱ የሚጎዳው ሯጩ ነው ማለት ይቻላል።

ይህም ሆኖ ነገሩ የተዘጋ አይደለም። ጃያንትስ በ2018 በሁለተኛ ተራ ሴክዋን ባርክሊን ሲመርጥ ብዙ ተንታኞች ተራው ባከነ አሉ። ተጫዋቹ በ2024 ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ በአንድ የውድድር ዘመን 2,005 ያርድ ሮጠ፤ አዲሱ ቡድኑም ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። ተንታኞቹ ተሳስተው ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ፊላደልፊያ ቀድሞውኑ ጠንካራ የማጥቃት መስመር ነበረው፣ ሯጩንም ያገኘው ምንም የድራፍት ተራ ሳያወጣ ነው።

ክፍተት ወይስ ችሎታ

የሥራ አስኪያጆች የቆየ ክርክር «የጎደለንን ቦታ እንምረጥ ወይስ የቀረውን ምርጥ ተጫዋች» የሚል ነው። ቡድኖች ከድራፍቱ በፊት ተጫዋቾችን በነጥብ ደረጃ ያወጣሉ። በብዙዎቹ ዘንድ የቦታ ክፍተት የሚታየው ሁለት ተጫዋቾች በነጥብ ሲቀራረቡ ነው። በአንድ ዓመት ጥሩ ኳስ ተቀባዮች የበዙ እንደሆነም ያንን ቦታ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዙር አቆይቶ እጥረት ያለበትን ማስቀደም የተለመደ ነው።

ግሪን ቤይ ፓከርስ በ2005 ታዋቂው ብሬት ፋቭ በቦታው እያለ በ24ኛ ተራ ሌላ ኳርተርባክ፣ አሮን ሮጀርስን መረጠ። ሮጀርስ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ከቆየ በኋላ ቦታውን ተረከበ፤ በ2010 የውድድር ዘመንም ቡድኑን ለሱፐር ቦውል ድል አበቃ። በ2020 ታሪኩ በሮጀርስ ላይ ተደገመ፤ ቡድኑ ጆርዳን ላቭን በ26ኛ ተራ መርጦ እንደገና ሦስት ዓመት አስጠበቀው። በሁለቱም ጊዜ በዚያ ዓመት ሜዳ የሚገባ ተጫዋች የፈለጉ ደጋፊዎች ተቆጡ።

ዲትሮይት ላየንስ ግን ከ2003 እስከ 2007 ባሉት አምስት ድራፍቶች በመጀመሪያው ዙር አራት ጊዜ ኳስ ተቀባይ መረጠ። የመጨረሻው ካልቪን ጆንሰን ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ኳሱን የሚወረውርለትና የሚከላከልለት ግን አልተሟላም፤ በ2008 ቡድኑ 16ቱንም ጨዋታዎች ተሸነፈ።

ተራን መለዋወጥ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዳላስ ካውቦይስ ሰዎች ለእያንዳንዱ ተራ ነጥብ የሰጠ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። አንደኛው ተራ 3,000፣ ሁለተኛው 2,600፣ 32ኛው ደግሞ 590 ነጥብ ያወጣ ነበር። ሠንጠረዡ ለረጅም ጊዜ የመላው ሊግ መደራደሪያ ሆነ። ኬድ ማሲ እና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት ግን ቡድኖች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አሳዩ። ተራው ወደ ኋላ ሲሄድ ደመወዝ ከችሎታ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከዋጋው አንጻር ጥሩ ትርፍ የሚገኘው በአንደኛው ዙር መጨረሻና በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ አካባቢ ነው። ቡድኖች አንድን ተጫዋች ከሌላው ለይተው የማወቅ ችሎታቸውን አብዝተው ይገምታሉ።

በ2017 ቺካጎ ቤርስ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ተራ አንድ እርምጃ ብቻ ለመውጣት ሦስት ተጨማሪ ተራዎችን ከፍሎ ኳርተርባኩን ሚቸል ትሩቢስኪን መረጠ። ቦታው በትክክል የተመረጠ ነበር፤ ስህተቱ በሰውየው ላይ ነው። በዚያው ድራፍት በ10ኛ ተራ ካንሳስ ሲቲ ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ። ቶም ብሬዲም በ2000 እስከ 199ኛ ተራ ድረስ ሳይመረጥ ቆይቷል።

ኳስ በእግር የሚመቱ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት በመጨረሻዎቹ ዙሮች ነው፤ ብዙዎቹም ጭራሽ ሳይመረጡ ሊጉን ይቀላቀላሉ። ታምፓ ቤይ በ2016 ይህን ልማድ ጥሶ ሮቤርቶ አጉዋዮን በሁለተኛው ዙር ለማግኘት ተራውን ወደ ፊት አስጠጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አሰናበተው።