ጠረጴዛው ለምን አሸነፈ? ከሂሊያርድ የሚታይ የቢሮ ሥራ ታሪክ

ሂሊያርድ ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ በስተ ምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1853 በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ተቆረቆረች (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ደግሞ አማዞን በ2016 ሥራ ያስጀመረው የኦሃዮ ክላውድ ቀጠና ከሚገለገልባቸው የዳታ ማዕከላት አንዳንዶቹ ይገኙባታል። በእነዚህ ግዙፍ ሕንጻዎች ውስጥ የሚውለው ሰው ጥቂት ነው፤ በእነርሱ አማካይነት የሚሠራው ግን በየቤቱና በየአህጉሩ ተበትኗል። ማሽኑ አንድ ስፍራ፣ ሠራተኛው ሌላ ስፍራ ናቸው። ይህ መለያየት ከጸና በኋላ አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ ሠራተኛው ዐይኑን የት ያሳርፍ? ጠረጴዛ ላይ በቆመ ስክሪን ወይስ ፊቱ ላይ በታሰረ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር?

ጥያቄው የቴክኖሎጂ ወዳጆች የትርፍ ጊዜ ክርክር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአገር ቤት ላሉ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ምን ይገዛ፣ ለየትኛውስ ፕሮጀክት ገንዘብ ይሰብሰብ ተብሎ ምክሩን የሚጠየቀው የዲያስፖራ ባለሙያ ነው። እርሱም የሚኖረው አዲሱ መሣሪያ ቀድሞ በሚታይበት አገር ነው። ስለዚህ በመነጽሩ ላይ የተደረገው ስድሳ ዓመት ገደማ የፈጀ ሙከራ ምን እንዳስተማረ መመርመር የሕዝብ ገንዘብ ጉዳይ ነው።

ማሽኑንና ሠራተኛውን ማራራቅ በዚሁ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። በ1969 በኮለምበስ የተቋቋመው ኮምፑሰርቭ መነሻው የአንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ የኮምፒውተር ክፍል ነበር። ከባለቤቱ ሥራ የተረፈውን የማሽን ጊዜ በስልክ መስመር ለሌሎች ድርጅቶች ይሸጥ ነበር። ማሽኖቹ ቀን በሥራ ተጠምደው ማታ ሥራ ይፈቱ ስለነበር፣ በ1979 ያንን የማታ ጊዜ ለግል ኮምፒውተር ባለቤቶች ማከራየት ጀመረ። በ1980 የከተማው ጋዜጣ ኮለምበስ ዲስፓች በዚሁ መስመር ለአንባቢ ቀረበ። አገልግሎቱ ከደንበኛው የጠየቀው ጥቂት ነበር፤ ስልኩም ኮምፒውተሩም ቀድመው ቤት ገብተዋልና። አዲሱ ነገር በነባሩ ላይ ተደረበ እንጂ ነባሩን አስወግዱ አላለም።

የስክሪንና የመነጽር ፉክክር ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በዲሴምበር 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደ አንድ የኮምፒውተር ጉባኤ ጎን ለጎን ታይቶ ነበር። ዳግላስ ኤንግልባርት በ90 ደቂቃ ትዕይንት ማውስን፣ በመስኮት የተከፋፈለ ስክሪንን፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የሚያሻግር ማያያዣንና በቪዲዮ የሚደረግ የሥራ ውይይትን አሳዩ። በዚያው ጉባኤ ኢቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ ስለሚደረግ ባለ ሦስት ገጽታ ማሳያ ጥናታቸውን አቀረቡ። ማሳያው ከጣሪያ በወረደ ብረት የተያያዘ ሲሆን፣ ለባሹ ራሱን ባዞረ ቁጥር በመስመር የተሳሉ ቅርጾች በአየር ላይ የቆሙ ያህል ይታዩት ነበር። በአንድ ጉባኤ ለሰውና ለኮምፒውተር ግንኙነት ሁለት መንገዶች ተከፈቱ ማለት ነው።

የቢሮ ሥራ የኤንግልባርትን መንገድ ተከተለ። በ1973 ዜሮክስ በምርምር ማዕከሉ አልቶን ሠራ፤ በ1984 አፕል ማኪንቶሽን ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ከዓመት ዓመት እየጠራና እየረከሰ ሄደ። መነጽሩ ደግሞ ጠረጴዛ ወደሌለበት ሥራ አመራ። ከሂሊያርድ ወደ ምዕራብ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቆ፣ ዴይተን አጠገብ በሚገኘው ራይት ፓተርሰን የአየር ኃይል ጣቢያ፣ ቶማስ ፈርነስ የተዋጊ አብራሪ መረጃን ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አንሥቶ በራስ ቁር ውስጥ ማሳየትን ለዓመታት ተመራመሩ፤ በ1982ም የሙከራ ማሳያቸው ሥራ ጀመረ። እዚያው ጣቢያ በ1992 ሉዊስ ሮዘንበርግ በርቀት የሚታዘዝ የሮቦት ክንድን በምናባዊ ምልክቶች የሚመራ ሥርዓት ሠሩ። በተመሳሳይ ዘመን የቦይንግ ተመራማሪዎች የአውሮፕላን ሽቦ የሚዘረጋ ሠራተኛ ሥዕላዊ መመሪያውን በሥራው ላይ ተደርቦ እንዲያይ ሐሳብ አቀረቡ። አብራሪውና ሽቦ ዘርጊው የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፦ እጃቸውና ዐይናቸው በሌላ ነገር ተይዟል፤ ስክሪን የሚያዩበት ፋታ የላቸውም።

መነጽሩ ወደ ጠረጴዛው ልመለስ ያለው ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ነው። በ2014 ኦኩለስን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ፌስቡክ፣ በኦገስት 2021 ወርክሩምስ የተባለ ምናባዊ የስብሰባ ክፍል ከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም ስሙን ሜታ አለ። በኦክቶበር 2022 ለባለሙያዎች የታሰበውን ኩዌስት ፕሮን በ1,499 ዶላር አቀረበ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይ ዋጋውን ወደ 999 ዝቅ አደረገ። አፕል በፌብሩዋሪ 2024 ቪዥን ፕሮን ከ3,499 ዶላር ጀምሮ መሸጥ ያዘ። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት የሆሎሌንስ 2 ምርትን አቆመ። ሜታም በ2026 መጀመሪያ ወርክሩምስን ራሱን የቻለ አገልግሎት አድርጎ ማቅረቡን ተወ። መነጽሮቹን የሚሠራው የሜታ ክፍል ከ2022 እስከ 2024 ባሉት ሦስት ዓመታት ብቻ ከ47 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አስመዝግቧል። እርግጥ ነው፣ ገንዘቡ ለቢሮ ሥራ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ለጨዋታ፣ ለቀላል መነጽሮችና ለረዥም ጊዜ ምርምርም ውሏል።

ከገበያው ይልቅ ነገሩን በቅርበት የሚያሳይ በ2022 የታተመ ጥናት አለ። በጀርመን የኮቡርግ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው 16 ሰዎች የዘወትር ሥራቸውን አንድ ሳምንት በመነጽር፣ አንድ ሳምንት በተራ ስክሪን፣ በቀን ስምንት ሰዓት እንዲሠሩ አደረጉ። ሌሎች ሁለት ሰዎች በመጀመሪያው ቀን በማቅለሽለሽ፣ በራስ ምታትና በጭንቀት ምክንያት አቋርጠዋል። የቀሩት በመነጽሩ ሳምንት የበለጠ የሥራ ጫና፣ የዐይን ድካምና ብስጭት እንደተሰማቸው፣ ምርታማነታቸውም እንደቀነሰ ገለጹ። ይሁን እንጂ ቀን በገፋ ቁጥር አንዳንዱ ምቾት ማጣት መለዘቡም ተስተውሏል።

እዚህ ላይ የመነጽሩ ደጋፊዎች የሚያነሡት ብርቱ መከራከሪያ አለ፤ ምንጩም የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ፖል ዴቪድ በ1990 ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት እንዳስታወሱት፣ ኤዲሰን በኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ ጣቢያ የከፈተው በ1882 ሆኖ ሳለ፣ በ1900 ገደማ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከሚጠቀሙበት የማንቀሳቀሻ ኃይል ከኤሌክትሪክ ሞተር የሚገኘው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ከግማሽ በላይ ለመሆን እስከ 1920ዎቹ ጠብቋል። መነጽሩስ እንደዚያው ጊዜው ስላልደረሰ ቢሆንስ?

መልሱ የሚገኘው ፋብሪካዎቹ በዘገዩበት ምክንያት ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለፋብሪካዎች የእንፋሎት ሞተሩን አውጥተው በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ፤ በጣሪያ ሥር የሚዞረው ረዥም የብረት ዘንግና ከርሱ ወደ ማሽኖቹ የሚወርዱት ቀበቶዎች ግን እንዳሉ ቀሩ። ትርፉ የመጣው እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሞተር ሲያገኝ፣ ዘንጉ ሲወገድና ፋብሪካው በሥራው ቅደም ተከተል እንደ አዲስ ሲደረደር ነው። ዛሬ ለቢሮ የሚሸጠው መነጽር በአብዛኛው የሚያደርገው በአየር ላይ ሦስት ስክሪን መስቀል ነው። ሰነዱ ያው ሰነድ፣ ሠንጠረዡም ያው ሠንጠረዥ፣ ስብሰባውም ያው ስብሰባ ነው። ይህ በአሮጌ ዘንግ ላይ አዲስ ሞተር መግጠም ነው። ትርፍ አያስገኝም ማለት አይደለም፤ በጠባብ ቤት ለሚኖር ወይም በጉዞ ላይ ለሚሠራ ሰው ሰፊ ስክሪን በሻንጣ መያዝ ዋጋ አለው። የሥራውን አደረጃጀት ግን አይለውጠውም። በዚያ ላይ የሚፎካከረው በመቶ ዶላር ከሚገዛ፣ ዐይን ከለመደውና ፊት ላይ ከማይከብድ ዕቃ ጋር ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ችግሩ ይበረታል። ጤናማ ዐይን በአንድ ዲግሪ የእይታ ስፋት ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን መለየት ይችላል ተብሎ ይገመታል፤ ሜታ ለኩዌስት 3 ያስታወቀው 25 ገደማ ነው። በትንንሽ ጭረትና ቀለበት የሚለያዩ ፊደላት፣ «ጸ» እና «ጾ»፣ «ቀ» እና «ቁ»፣ ጥራት ያለው ስክሪን ይፈልጋሉ። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ሶፍትዌር የጻፈውን ሌላው ማንበብ የሚሳነው ጊዜ አልፏል። ያ መሠረት የተጣለው በጸጥታ በተሠራ የደረጃ ምደባ ሥራ ሲሆን፣ ለአማርኛ የቢሮ ሥራ ያስገኘው ጥቅም ማንኛውም መነጽር ሊሰጥ ከሚችለው በእጅጉ ይበልጣል።

ታሪኩ ለመካሪና ለለጋሽ የሚተወው መለኪያ አንድ ነው፦ ይህ መሣሪያ ባይኖር ጭራሽ የማይሠራ ወይም በአደጋ የሚሠራ ሥራ የትኛው ነው? የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በምስለ በረራ ማሽን የሚያሠለጥነው፣ መንገደኛ በጫነ አውሮፕላን ላይ የሞተር መጥፋትን መለማመድ ስለማይቻል ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመር ጠጋኝም ስሕተትን በእውነተኛው ሽቦ ላይ መማር አይችልም። መነጽሩ ለእንዲህ ያሉ ሥልጠናዎች ሲቀርብ በቁም ነገር ሊመዘን ይገባዋል። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይም ለሒሳብ ባለሙያ «ዘመናዊ ቢሮ» ተብሎ ሲቀርብ ግን፣ በዚያው ገንዘብ ስንት ጥሩ ስክሪን፣ ስንት የመጠባበቂያ ባትሪ፣ ስንት ወር የማይቋረጥ ኢንተርኔት እንደሚገዛ ማስላት ይቀድማል።

በሂሊያርድ የዳታ ማዕከላቱ ማሽኖች ሌሊትም አያርፉም። ከእነርሱ ጋር የሚነጋገረው ሠራተኛ፣ ኮለምበስም ይሁን አዲስ አበባ፣ ዛሬም በብዛት የሚያየው በጠረጴዛ ላይ የቆመ ስክሪን ነው። ይህ ኋላ መቅረት አይደለም፤ የቢሮ ሥራ ሁለቱንም መንገዶች አይቶ የሰጠው፣ እስካሁንም ያልተሻረ ፍርድ ነው።