ሽልማትና ፈተና፤ የሕፃናት መጫወቻ የተመዘነበት መንገድ

መጫወቻ የሰው ልጅ በእጁ የሚይዘው የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ተጠቃሚው መመሪያ አያነብም፤ ዕቃው ለምን እንደ ተሠራም አይጠይቅም፤ ይጥለዋል፣ ይረግጠዋል፣ ይነክሰዋል፣ ከቻለም ይውጠዋል። በዚህም ምክንያት አንድን መጫወቻ ጥሩ ነው ለማለት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። አንደኛው፣ ልጁን ደስ ያሰኘዋልን? የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ሲሰበር ምን ጉዳት ያደርሳል? የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሲመልሱ የኖሩት አብዛኛውን ጊዜ ሽልማት ሰጪዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ደግሞ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች። ሁለቱ ጥያቄዎች በተለያዩ ቁጥር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያለፉት ሰባ ዓመታት ታሪክ በሚገባ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማቅረብ ከሞከሩት አንዱ በ1954 በምዕራብ ጀርመን በኡልም ከተማ የተቋቋመው ኮሚቴ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና አሥር ዓመት አልሞላም ነበር። የኮሚቴው ዘዴ ቀላል ነው። መጫወቻው በመጀመሪያ ለልጆች ይሰጣል፤ ልጆቹ በየቤታቸውና በየመዋዕለ ሕፃናቱ ይጫወቱበታል፤ የሚከታተሏቸው ሰዎችም ያዩትን ይመዘግባሉ። ከዚያም ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ቁሱ፣ ስለ ጥንካሬው፣ ስለ ደኅንነቱና ልጁ በራሱ አሳብ ጨዋታውን ሊያስፋፋበት ስለ መቻሉ ይወስናሉ። ያለፈው ዕቃ «ሽፒል ጉት»፣ ማለትም «በደንብ ተጫወት» የሚል ብርቱካንማ ምልክት ያገኛል። ይህ ምልክት አንደኛና ሁለተኛ የለውም፤ መመዘኛውን ያሟላ ሁሉ ይሰጠዋል።

እንግሊዞች የያዙት መንገድ ሌላ ነበር። በ1965 የመጫወቻ ቸርቻሪዎች ማኅበር «የዓመቱ መጫወቻ» የተባለውን ሽልማት መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያውን ክብር ያገኘችው ኮርጊ የተባለው ድርጅት የሠራት አንዲት ትንሽ የብረት መኪና ናት፤ እርሷም በ1964 በወጣው «ጎልድፊንገር» በተሰኘው የጄምስ ቦንድ ፊልም የታየችው የአስቶን ማርቲን አምሳያ ነበረች። ቁልፏ ሲነካ ጣሪያዋ ይከፈትና በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ሰው ወደ አየር ይፈናጠራል። በመካኒክ ዓይን ሲታይ የሚደነቅ ሥራ ነበር፤ ልጆችም እጅግ ወደዷት። ያ ትንሽ ሰው ቶሎ እንደሚጠፋ አምራቹ ስላወቀ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥ ነበር። የጠፋው የት ይገባል? ለሚለው ጥያቄ ግን የቸርቻሪዎች ሽልማት መልስ አልነበረውም። መኪናዋ የተሠራችው ከፍ ላሉ ልጆች ቢሆንም፣ ታላቅ ወንድም የጣለውን ታናሽ እኅት ከምንጣፍ ላይ ታነሣለች።

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ከተነሡት መካከል አሜሪካውያን ይገኛሉ። በ1969 የወጣው የሕፃናት ጥበቃና የመጫወቻ ደኅንነት ሕግ፣ በአሠራሩ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በሙቀት አደጋ የሚያደርስ መጫወቻን ከገበያ የማስወጣት ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ። በ1972 በወጣ ሌላ ሕግ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሲዮን ተቋቁሞ በሚከተለው ዓመት ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን የተደነገጉት ፈተናዎች የሕፃንን ጠባይ ወደ መሐንዲስ ቋንቋ የተረጎሙ ናቸው። ዕድሜው 18 ወር ላልሞላ ሕፃን የተሠራ መጫወቻ ከ1.37 ሜትር ከፍታ 10 ጊዜ በጠንካራ ወለል ላይ ይጣላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 3 ዓመት ላለው ልጅ የተሠራው ደግሞ ከ0.91 ሜትር 4 ጊዜ ይጣላል። ወጣ ያለው ክፍሉ ይጠመዘዛል፣ በ15 ፓውንድ፣ ይኸውም ወደ 7 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይሳባል፤ ከዚያም ይጨፈለቃል።

ከፈተናዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ግን በ1979 ተደንግጎ ከ1980 መጀመሪያ ጀምሮ የጸናው ነው። መሣሪያው ከቡና ስኒ የጠበበ ሲሊንደር ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ወለሉ ያዘነበለ በመሆኑ ጥልቀቱ በአንድ ወገን 25.4፣ በሌላው ወገን 57.1 ሚሊ ሜትር ነው። መጠኑ የተወሰነው ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጉሮሮን እንዲመስል ተደርጎ ነው። መጫወቻው ወይም በፈተናው ጊዜ ተገንጥሎ የወጣ ቁራጭ፣ ሳይጫኑት ሙሉ በሙሉ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ፣ ለዚያ ዕድሜ ሊሸጥ አይችልም። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል፣ ውጤቱም ለክርክር የማይመች መለኪያ ነው።

ሆኖም ሲሊንደሩ ሁሉንም አደጋ የሚያሳይ አልነበረም። ከእርሱ ትንሽ የሚበልጥ ኳስ እንኳ ወደ ጉሮሮ ሲገባ የአየር መተላለፊያውን እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ይህም የታወቀው በሕፃናት ሞት ነው። በ1994 የወጣው ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሠራ ኳስ 44.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ማለፍ የለበትም ሲል ደነገገ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ከ13 ሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት የተገኘው በከባድ ዋጋ ነው።

ሽልማትና ፈተና ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ በግልጽ የታየው በ2007 በአውስትራሊያ ነው። በዚያ ዓመት «የዓመቱ መጫወቻ» ተብሎ የተሸለመው ቢንዲዝ የተባለው ነበር። ልጆች ባለ ቀለም ጥቃቅን ዶቃዎችን በገበታ ላይ ደርድረው ውኃ ሲረጩባቸው፣ ዶቃዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሥዕል ይሆናሉ። አሳቡ ያማረ ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን ዶቃዎቹን የዋጡ ሕፃናት ራሳቸውን ስተው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ጉዳዩ ሲመረመር፣ በዶቃዎቹ ውስጥ መኖር በነበረበት በ1፣5-ፔንታንዲኦል ምትክ ዋጋው የረከሰው 1፣4-ቡታንዲኦል ተገኘ። የሁለቱ ውሕዶች ስም ተቀራራቢ ነው፤ የኋለኛው ግን በሰው አካል ውስጥ ወደ ኃይለኛ ማደንዘዣ ይለወጣል። በኅዳር ወር መጫወቻው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በአሜሪካም በሌላ ስም ይሸጥ የነበረው 4.2 ሚሊዮን ያህል ዕቃ እንዲመለስ ተደረገ።

ሸላሚዎቹ ያዩት ዕቃ በእርግጥ የሚያስደስት ነበር፤ በፍርዳቸው ሊነቀፉ አይገባም። ሲሊንደሩም ቢሆን የውሕድን ዓይነት ለመለየት አልተሠራም። ጉድለቱ የተደበቀው በናሙናና በምርት መካከል ነው። ሽልማት የሚሰጠው ለቀረበው ናሙና ነው፤ በልጁ እጅ የሚገባው ግን ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ወጪ ለመቀነስ ሲባል አንድ ንጥረ ነገር ከተለወጠ በኋላ፣ ከፋብሪካ የወጣው ዕቃ ነው። ይህን ማንኛውም የግንባታ መሐንዲስ ያውቀዋል። ለላቦራቶሪ የተላከው ናሙና የቱንም ያህል ቢያምር፣ ድልድዩን የሚሸከመው በቦታው ላይ የፈሰሰው ኮንክሪት ነው።

በዚያው በ2007 እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ያለበት ቀለም የተቀቡ በርካታ መጫወቻዎችም ከገበያ በመሰብሰባቸው፣ አሜሪካ በነሐሴ 2008 ሕጓን አጠበቀች። በአዲሱ ሕግ መሠረት ዕድሜው እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚሠራ ዕቃ ከመሸጡ በፊት፣ ዕውቅና ባገኘና የአምራቹ ወገን ባልሆነ ላቦራቶሪ መፈተን አለበት። ለደኅንነት የሚያሠጋ የንድፍ ወይም የቁስ ለውጥ ከተደረገ ፈተናው ይደገማል። ዕቃውም የት፣ መቼና በማን እንደ ተሠራ የሚገልጽ የማይፋቅ ምልክት ይደረግበታል። የሕጉ ዋና ጥቅም ናሙናንና ምርትን በአንድ ሰንሰለት ማሰሩ ነው።

በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ያለው የጨዋታ ቤተ መዘክር፣ ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር አዳራሽ በተባለው ክፍሉ ተራ የእንጨት ዱላን በክብር መዘገበ። በ2005 ደግሞ ባዶ የካርቶን ሣጥን ይህንኑ ክብር አግኝቶ ነበር። ዱላ ለፈተና ቢቀርብ ይወድቃል፤ ጫፉ ይወጋል፣ ሲሰበርም ስንጥር ይሆናል። ቢሆንም የኢትዮጵያ እረኛ ልጅ ፈረስ አድርጎ የሚጋልበው ይህንኑ ነው። ጨዋታ ከልጁ አሳብ የሚመነጭ በመሆኑ የአዳራሹ ፍርድ ትክክል ነው።

ነገር ግን ያንን ዱላ የሸጠው ሰው የለም፤ ስለዚህም ተጠያቂ የለውም። በሣጥን ታሽጎ ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ግን ንድፉን ያወጣ፣ ቁሱን የመረጠና ያመረተ ሰው አለው፤ ወላጅም ገንዘቡን የሚከፍለው ያንን ሰው አምኖ ነው። ሽልማት ለዚያ ሰው የሚሰጥ ምስጋና ሲሆን፣ ፈተና የሚከፍለው ዕዳ ነው። ምስጋናው ዕዳውን በቀደመ ጊዜ ሁሉ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው መመሪያ በማያነበው በዚያ ትንሽ ተጠቃሚ ላይ ነው።