በአገራችን የአካባቢ ሸንጎ የወጣቶች ስፍራ

የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል። ሽማግሌዎቹ «ወጣቱ ለአገር ጉዳይ ግድ የለውም፤ ስብሰባ ሲባል ይሸሻል» ይላሉ። ወጣቶቹም በበኩላቸው «ብንሄድስ ማን ይሰማናል?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩ ዛሬ የተጀመረ ይመስላቸዋል። እኛ ግን የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን ክርክሩ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባናል ብለን አሰብን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፥ በአገራችን ወጣቱ ከአካባቢ ሸንጎ ጨርሶ የጠፋበት ዘመን አለመኖሩን ነው። ነገር ግን በሸንጎ መገኘትና በሸንጎ የሚቈጠር ቃል ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ኖረዋል።

በመጀመሪያ የድሮውን ጉባኤ እንመልከት። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር የአገሩ ሰው ሁሉ ከሚሰበሰብባቸው ጉባኤዎች አንዱ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ነበር። ከብት ሲሰረቅ፥ ቤት ሲቃጠል፥ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር፥ ሕዝቡ በሹም ትእዛዝ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ የመጣውም ቢሆን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ወደ ቤቱ እንዲመለስ አይፈቀድለትም። ምስጢሩን የሚያወጣው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ቃሉ የሚሰማው በሽማግሌዎች በኩል ነው። ወንጀለኛው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ዕዳውን ተካፍሎ እስከ መክፈል ይደርሳል።

በዚህ ጉባኤ ጐልማሳው እንደ ሽማግሌው ሁሉ የመገኘት ግዴታ ነበረበት፤ ፀሐዩንና ረኃቡንም እኩል ይካፈል ነበር። ነገሩን የሚመረምሩት፥ የሚያስምሉትና የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ግን ሽማግሌዎች ነበሩ። እንግዲህ ወጣቱ በግዴታው ሙሉ ሰው፥ በቃሉ ግን ጐደሎ ሰው ሆኖ ይቈጠር ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌባ ሻይ የሚባለው ሥርዐት ነው። ሌባ ለመፈለግ አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት እንዲወስድ ይደረግና ወገቡ ታስሮ ይለቀቃል። የታሰረበትን ጨርቅ ወይም ገመድ የያዘ ሰው ከኋላ እየተከተለው መንደር ለመንደር ይሄዳል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ይህ ልማድ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ለጉዳያችን ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ያው ብላቴና በደኅና አእምሮው በሸንጎ ፊት ቆሞ «እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ» ቢል ቃሉ ክብደት አይሰጠውም ነበር፤ ራሱን ስቶ ሲንገዳገድ ግን እግሩ ሰውን ያሳስር ነበር። ወጣቱ የሸንጎው መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሸንጎው አባል ግን አልነበረም።

ይሁን እንጂ አባቶቻችንን በዛሬው ሚዛን ብቻ መዝነን እንዳንፈርድባቸው መጠንቀቅ አለብን። የጽሑፍ መዝገብ በሌለበት አገር የድንበር ምልክቱን፥ የርስቱን ትውልድ ቈጠራና የቀድሞውን ፍርድ የሚያስታውሰው ዕድሜ የጠገበ ሰው ነው። ሽማግሌው በዘመኑ መዝገብ ቤት ነበር። ወጣቱም በዳር ተቀምጦ የክርክሩን ስልት፥ የመሐላውን ደንብና የእርቁን መንገድ በጆሮው ይማር ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረትም ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው። ጉድለቱ ልጁ እንዲያዳምጥ መደረጉ አልነበረም፤ ማዳመጡ መቼ እንደሚያበቃና መናገሩ መቼ እንደሚጀምር የሚወስን ደንብ አለመኖሩ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚወስነው የአባት ሞት ወይም የራስ ጎጆ መውጣት ነበር።

ደንብ ያበጀለት ሥርዐት ግን በአገራችን አለ፤ ይኸውም የኦሮሞ ገዳ ነው። በገዳ ሥርዐት ሰው በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የማዕርግ ደረጃ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። በቦረና ሕፃናቱ ደባሌ፥ ከዚያ በኋላም ጋሜ ይባላሉ፤ እንዲህ እያሉ በኩሳና በራባ ደረጃ አልፈው ገዳ የሚባለውን የሥልጣን ደረጃ ይይዛሉ። እዚህ ላይ በተለይ ልናስተውለው የሚገባን፥ አንድ ጓድ ሥልጣን ከመያዙ ከብዙ ዓመት አስቀድሞ የራሱን መሪዎች መሠየሙንና ሥራውን መለማመዱን ነው። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው ጉሚ ገዮ በተባለው ታላቅ ጉባኤም ሕግ ይታወጃል፥ ይሻሻላል፤ በሥልጣን ላይ ያሉትም ይመረመራሉ። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ይህን ሥርዐት በሰፊው አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. ገዳን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ገዳም ቢሆን ጉድለት አልነበረበትም አንልም። ሴቶች ከማዕርጉ ተራ ውጭ ነበሩ። ደግሞም የሰው ደረጃ የሚወሰነው በዕድሜው ሳይሆን በአባቱ ደረጃ ነው፤ ልጅ ከአባቱ በአርባ ዓመት ርቀት ስለሚከተል፥ አባቱ በስተርጅና የወለደው ልጅ ገና ሕፃን ሳለ ከፍ ካለ ደረጃ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ በተቃራኒው ሸምግሎ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የሚቀርም አለ። ዋናው ቁም ነገር ግን ተራ መኖሩ ነው። ወጣቱ ዛሬ ዝም ቢልም ቃሉ የሚሰማበት ቀን መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሽማግሌውም ሥልጣኑን የሚያስረክብበትን ቀን ያውቃል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው ለአንድ ዓመት ያህል እንዲያገለግሉ የሚያዘው ደንብ በ1957 ዓ.ም. ግድም በሥራ ላይ ሲውል፥ የተማረው ወጣትና የገጠሩ ሕዝብ በሰፊው መተዋወቅ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተና ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን እንዲዘምቱ ታቀደ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፥ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ያህል በሚሆን ስፋት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ይህን አዋጅ በየመንደሩ ያነበቡት፥ ገበሬውንም ሰብስበው መሪ ያስመረጡት በብዙ ቦታ ዘማቾቹ ነበሩ። በአገራችን ታሪክ ወጣት የአካባቢን ጉባኤ በዚህ መጠን የጠራበትና የመራበት ሌላ ጊዜ አናውቅም።

ነገር ግን ተናጋሪው የትኛው ወጣት እንደ ነበር እንመርምር። ተናጋሪው ከከተማ የመጣው ተማሪ ነው። የመንደሩ ወጣት፥ ማለትም የገበሬው ልጅ፥ እንደ ጥንቱ በዳር ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ማኅበሩ ሲቋቋምም በአባልነት የተመዘገበውና መሬት የተደለደለለት ባብዛኛው የቤቱ አባወራ ስለ ነበር፥ ልጁም ሆነ ሚስቲቱ በአባወራው ስም ተጠቅልለው ቀሩ። ዘማቹ ወደ ከተማው ሲመለስ ለመንደሩ ወጣት በጉባኤው ትቶለት የሄደው መቀመጫ አልነበረም።

በከተማ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ ማለት ቀበሌ፥ ተቋቋመ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ወጣቶች በቀበሌ ስብሰባ በጋለ ስሜት ይከራከሩ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን በቀይ ሽብር ጊዜ ያው ቀበሌ ወጣቱ የሚታደንበት፥ የሚታሰርበትና የሚገደልበት ቦታ ሆነ። አንደኛው ወጣት ጠመንጃ ይዞ የቀበሌ ጥበቃ ሲሆን ሌላው ወጣት ታሳሪ ሆነ። ከዚህ በኋላ አያሌ እናቶች ልጃቸውን «ስብሰባ አትሂድ፤ ከሄድክም አፍህን ያዝ» እያሉ ማሳደጋቸው አያስደንቅም። ዛሬ «ወጣቱ ስብሰባ ይሸሻል» ሲባል፥ ሽሽቱ ከቤት የወረሰው ጥንቃቄ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ አለብን።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ለወጣቱ በቀበሌ ስፍራ ሰጥተናል ማለታቸው አልቀረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ተመሥርቶ እስከ ቀበሌ ድረስ ወረደ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወጣቶች ሽማግሌዎችን ፊደል አስቈጠሩ፤ ይህ በእውነቱ ታላቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ማኅበሩ የወጣቱን ሐሳብ ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የበላይን ትእዛዝ ወደ ታች ማውረድን ሥራው አደረገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ወጣት ብሎ ሰይሞ ተሳትፎውን አከበረ። በ2000 ዓ.ም. ለተደረገው የአካባቢ ምርጫም የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 ደረሰ። መቀመጫው በዛ፤ ነገር ግን ዕጩው በአብዛኛው የአንድ ድርጅት ስለ ነበር የመቀመጫው ብዛት የቃልን ብዛት አላስከተለም።

ይህ ሁሉ የስም ክርክር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር የመሬትን ነገር እንዲያስብ እንለምነዋለን። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ድልድል ስላልተደረገ፥ በዚያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ የገበሬ ልጅ መሬት የሚያገኘው በውርስ፥ በስጦታ ወይም በኪራይ ሆኗል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የሚስት ስም ከባል ስም ጋር ተጻፈ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የልጁ ስም ግን ገና ይጠብቃል። የወል ግጦሹ ለማን ይሰጥ፥ ሟች የተወው መሬት ለማን ይተላለፍ፥ ተራቁቶ የተከለለው ተራራ በማን ይጠበቅ የሚለው ሁሉ ከቀበሌ ስብሰባ አያልፍም። በዚያ ስብሰባ አብዛኛው ተናጋሪ መሬት ያለው ሲሆን ጉዳዩ ግን መሬት የሌለውን ይመለከታል። ስለዚህ የወጣቱ ቃል መቈጠርና አለመቈጠር ወጣቱ በመንደሩ የመኖሩና ተሰዶ የመሄዱ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ከቃኘነው ታሪክ ሦስት ትምህርት እናገኛለን ብለን እናምናለን። አንደኛ፥ የተሰብሳቢ ቍጥር ማስረጃ አይሆንም፤ በአፈርሳታም ወጣቱ ሁሉ ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ወጣት መጣ ሳይሆን፥ የተናገረው በቃለ ጉባኤ ተጻፈ ወይ፥ ሐሳቡ የተጣለ እንደ ሆነም ምክንያቱ ተነገረው ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛ፥ ከገዳ እንደ ተማርነው ተራ ያስፈልጋል። በምርጫ ሕጋችን ሰው በ18 ዓመቱ ይመርጣል፥ በ21 ዓመቱ ይመረጣል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ግን በሸንጎ ምን እንደሚለማመድ የተወሰነለት ነገር የለም። በየኮሚቴው ከሽማግሌ ጐን ተቀምጦ ጸሐፊ፥ ቈጣሪ፥ አጣሪ እየሆነ ቢያድግ ሽማግሌውም እውቀቱን የሚያወርሰው ሰው ያገኛል። ሦስተኛ፥ ወጣቱን ለሥራ ሲሆን ጠርቶ ለምክር ሲሆን መርሳት ሌባ ሻይን በሌላ መልክ መመለስ ነው። ችግኝ የሚተክለውና እርከን የሚሠራው ወጣት የት እንደሚተከልና የት እንደሚሠራ ሲመከርም ሊኖር ይገባዋል።

የመጨረሻው ቃላችን ለራሳችን ለተማሪዎች ነው። በክረምት ወደ ትውልድ ቀበሌያችን ስንመለስ ስብሰባ ላይ እንድንናገር እንጋበዛለን፤ ሽማግሌዎቹም «የተማረው ልጃችን ይናገር» ብለው ያከብሩናል። በዚያች ሰዓት የ1967ቱን ዘማች እናስታውስ። እኛ ስንናገር አብሮን ከብት የጠበቀው፥ ትምህርቱን አቋርጦ እዚያው የቀረው ጓደኛችን በዳር ተቀምጦ ያዳምጣል። ክረምቱ ሲያልቅ እኛ ወደ ኮሌጃችን እንመለሳለን፤ እሱ ግን ከውሳኔው ጋር ይኖራል። ስለዚህ «የተማረው ልጃችን» ተብለን በተነሣን ጊዜ፥ መጀመሪያ ወደ እሱ ዞረን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።