ያላጠብነው የጋያ ሸክላ

ለዘንድሮው የጥንት ዕቃ ትርዒታችን ስንዘጋጅ ከአባሎቻችን አንዷ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጋያ ይዛ ለቡ ወደሚገኘው ቢሯችን መጣች። የአያቷ ነው። አያቷ ከጅማ አካባቢ ሲመጡ ይዘውት መጡ፤ እናቷ ግን ጎረቤት «የአጫሽ ልጅ» እንዳይላቸው ዕድሜ ልካቸውን አልጋ ሥር ደብቀውት ኖሩ።

ለማታውቁት ወጣት አባሎቻችን፦ ጋያ ውሃ የሚይዝ ቅል፣ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ አናት፣ ጭሱ የሚሳብበት መቃ ነው። ቅሉ የአፍሪካ ተክል ነው፤ ትምባሆው ግን ከአሜሪካ በንግድ የመጣ ነው።

የእናትየዋ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆን ከልክለው ነበር። የዘመኑ ተጓዦች አጫሽ ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ ደግሞ አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር ጽፈዋል። እንዲህም ሆኖ በደቡብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል አሮጊቶች ሳይቀሩ ጋያቸውን ይዘው ቆይተዋል።

እኛ ታዲያ እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ልናጥበው ተነሣን። ቅሉን በሙቅ ውሃና በአሸዋ እየናጥን አጠብነው፤ የወጣው ጥቁር ውሃ መርዝ ስለሆነ ልጆችና ዶሮዎች ከማይደርሱበት ደፋነው። መቃውን በቀጭን ሽቦ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ጠረግነው። ሸክላው ላይ ስንደርስ ግን ታሪክ ያስተማረች አንዲት አባላችን «ተዉት!» አለች።

ምክንያቷ ይህ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ (የላስታው ላሊበላ አይደለም) በ14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠሩ የማጨሻ ሸክላዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ቫን ደር መርዌ የተባሉ ተመራማሪ በውስጣቸው የቀረውን ጥላሸት መርምረው የካናቢስ ቅሪት አገኙ፤ ውጤቱም በ1975 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስለዚህ አገራችን ትምባሆ ሳይደርሳት በፊትም ይጨስባት ነበር ማለት ነው። ያን ሸክላ አንዲት ባለሙያ ሴት አጥባው ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር? የቅሉን ዝቃጭ በመድፋታችን እስካሁን ይቆጨናል። ሸክላውን በደረቅ ብሩሽ ከውጭ ብቻ አራገፍነው፤ ውስጡን አልነካንም።

አንድ ደጋፊያችን «ትምባሆ ልታስተዋውቁ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። በፍጹም። እሱን አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ይከለክላል። እኛ የምናሳየው አንዲት ሴት የያዘችውን ዕቃ ነው።

በመግለጫ ካርዱ ላይ የአያትየዋ ስም ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውን እናትየዋ ገና አልወሰኑም። ቦታውን ክፍት ትተነዋል።